እማማ ተዋበች «እርስዎ» ያሉኝ ቀን

አሁንም በሬ ሲንኳኳ መጀመሪያ ትንፋሼን እይዛለሁ። «ማነው?» የምለው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። የማወጋችሁ ነገር እዚሁ ኬኒንግተን፣ አሁን ተቀምጬ ከምጽፍበት ወንበር አጠገብ ባለው በር ላይ የደረሰ ነው። ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ለንደን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል እንዴ?» ብዬ እከራከር ነበር።

በዚያን ጊዜ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። ገና ሳይነጋ እወጣለሁ፣ ሺፍቴን ጨርሼ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ወዲህ የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንስሉ፣ በሰጠኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ መኝታ ቤት ፍላት ውስጥ ብቻዬን ነው የምኖረው። የፎቁ በሮች ሁሉ ወደ አንድ ረጅም በረንዳ ይከፈታሉ። ከታች ግቢውና የቆሻሻ ገንዳዎቹ ይታያሉ። ብዙ ሰው ያልፍበታል፣ ሰላምታ ግን የለም። አንገትን ደፍቶ፣ ቁልፍ አውጥቶ፣ ገብቶ መዝጋት ነው። እኔም ከከረምኩ በኋላ እንደነሱ ሆንኩ።

እማማ ተዋበችን ያስተዋወቀኝ ያረረ ሽሮ ነው። አንድ ቀን ድስት ጥጄ ስልክ ሳወራ ረሳሁትና የጭስ ማስጠንቀቂያው ቤቱን በጩኸት አናጋው። መስኮት ከፍቼ በፎጣ ሳራግብ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ግራጫ ሹራብ የለበሱ ቀጭን አዛውንት ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ሽሮሽ አርሯል» አሉኝ በጠራ አማርኛ።

«አበሻ መሆኔን እንዴት አወቁ?»

«ታዲያ እንዲህ የሚሸተው የእንግሊዝ ቤት ነው?» አሉና ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ገብተው ድስቱን ከምድጃው አወረዱት።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ሆንን። እማማ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የወጡ፣ ባላቸውን እዚህ አገር የቀበሩ፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ከሰዓት በኋላ ስመለስ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አውጥተው በራቸው ላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ። እኔ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ። የምናወራው ነገር ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ሊፍቱ ዛሬም እንደቆመ፣ ጉልበታቸው ከዝናቡ ቀድሞ እንደነገራቸው፣ የሥራ አለቃዬ ደግሞ ምን እንዳለችኝ። አምፖል ሲቃጠልባቸው እኔ እቀይራለሁ። ፖስተኛ ዕቃ ሲያመጣልኝ እሳቸው ይቀበላሉ። ጉንፋን ጥሎኝ በተኛሁ ሳምንት በየቀኑ የምስር ሾርባ በሳህን ከድነው ያመጡልኝ ነበር። «ቅመሽ፣ አትከራከሪኝ» እያሉ።

ቁልፍም ተለዋውጠናል። የእሳቸው እኔ ጋ፣ የእኔ ደግሞ እሳቸው ጋ፣ መግቢያው ላይ ካለው መስተዋት አጠገብ በቀይ ክር ተንጠልጥሎ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከ«አንቺ ልጅ» ሌላ ጠርተውኝ አያውቁም። ሲቆጡም «አንቺ ልጅ»፣ ሲመርቁም «አንቺ ልጅ»።

ቀኑ የኅዳር ሐሙስ ነበር። ጠዋት ስወጣ መጋረጃቸው ተዘግቷል፣ ገና ነው ብዬ አለፍኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ዝናቡ በረንዳውን አጥቦታል፤ ወንበሯም የለችም፣ እማማም የሉም። ከትናንት በስቲያ «ጉሮሮዬን ከርክሮኛል» ብለውኝ ስለነበር ሎሚና ዝንጅብል ገዝቼ መጥቻለሁ።

አንኳኳሁ። ዝም።

እንደገና አንኳኳሁ። ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ቀጥሎ ሹክሹክታ ሰማሁ። እማማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከማን ጋር ነው የሚንሾካሾኩት?

በሩ ፊታቸውን ብቻ በሚያሳይ መጠን ተከፈተ። ፀጉራቸው አልተበጠረም። ዓይናቸው ቀልቷል።

«እንደምን ዋሉ እመቤቴ?» አሉኝ።

ሌላ ሰው ከኋላዬ የቆመ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

«እማማ፣ እኔ ነኝ እኮ! ትዕግሥት ነኝ። ለጉሮሮዎ ሎሚ አመጣሁልዎት።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎን ማድከም አልነበረብኝም። ዛሬ ትንሽ ስላመመኝ ልተኛ ነው። ይመለሱ።»

እርስዎ። ይመለሱ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቃላቱን የሚያወጡት በቀስታ፣ አንድ በአንድ ነበር።

«ምን ሆነዋል? ሐኪም ልጥራልዎት?»

«የለም፣ የለም። ባለቤትዎ ዛሬ ከጣቢያ በጊዜ ይገባሉ አይደል? መቼም የፖሊስ ሥራ አያልቅም። ሰላም ይበሉልኝ።»

እኔ ባል የለኝም። ይህን ከእማማ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ፖሊስ የሚባልም ዘመድ የለኝም።  በዚያች ቅጽበት ዓይኔ በትከሻቸው ላይ አልፎ ወለሉ ላይ አረፈ። እማማ ጫማ ያላወለቀ ሰው፣ ቄስም ቢሆን፣ ምንጣፋቸውን አያስረግጡም። ምንጣፉ ላይ ግን ጭቃ የነካው ትልቅ ነጭ ስኒከር ነበር። የተቀመጠ ጫማ ነው እያልኩ ሳይ፣ ተረከዙ ከፍ ብሎ ወደ በሩ ጥግ ተጠጋ። ሰው አለበት።

«አዎ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «አሁን ይደርሳል። ሰላም እልልዎታለሁ።»

ፌስታሉን ስሰጣቸው ጣቶቻቸው እጄን ነኩኝ። በረዶ ናቸው። ደግሞም እጄን በኃይል ገፋ አደረጉት። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።

ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ መሀል ወለል ላይ ቆምኩ። አእምሮዬ ሌላ ምክንያት እየፈለገ ነበር። አዛውንቶች ኢንፌክሽን ሲይዛቸው እንደሚቃዡና ሰው እንደሚስቱ የሥራ ባልደረባዬ ስለ እናቷ ነግራኝ ነበር። ምናልባት ስትሮክ ይሆናል አልኩ። ምናልባት ጫማው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ግን የቧንቧ ሠራተኛ በር ጥግ አይደበቅም። ደግሞ የሚቃዥ ሰው ሳቅ ይላል፣ ይናደዳል እንጂ ቃላቱን እንዲህ እየመረጠ አይናገርም። እማማ እያንዳንዱን ቃል አስበውበት ነው የተናገሩት። ውስጥ ያለው ሰው አማርኛ ይሰማል ማለት ነው።

 ሌላ ነገር ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። የእኔ ቁልፍ። መስተዋቱ አጠገብ፣ ከዚያ ጫማ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ተንጠልጥሏል።

ሮጬ የበሩን ሰንሰለት አስገባሁ። ግድግዳችን ስስ ስለሆነ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ለፖሊስ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች። በሹክሹክታ ማስረዳት ጀመርኩ፤ እንግሊዝኛዬ እንደዚያ ቀን ጥሎኝ የጠፋበት ጊዜ የለም።

«ጎረቤቴ አደጋ ላይ ናቸው። ቤታቸው ውስጥ ሰው አለ።»

«ሰውየውን አይተሽዋል?»

«ጫማውን አይቻለሁ።»

«አስፈራራሽ? መሣሪያ አይተሻል?»

«አላየሁም። ግን ጎረቤቴ… በአክብሮት አናገሩኝ።»

 «በአክብሮት?»

እንዴት ብዬ ላስረዳት? በእንግሊዝኛ አንቺም፣ አንተም፣ እርስዎም አንድ ቃል ነው። አንዲት እናት ልጇን «እርስዎ» ስትላት ምን ማለት እንደሆነ በየትኛው ቃል ልንገራት? እንባዬ መጣ።

«ባልሽን ሰላም በይልኝ አሉኝ» አልኳት በመጨረሻ። «ፖሊስ የሆነ ባልሽን አሉኝ። እኔ ባል የለኝም። እንደሌለኝ ያውቃሉ።»

የሴትየዋ ድምፅ ወዲያው ተለወጠ። «ገባኝ። አድራሻውን ንገሪኝ። ፖሊስ እየላክሁ ነው። ከቤት አትውጪ። ለማንም በር አትክፈቺ።»

ገና ስልኩን ሳልዘጋ በሬ ተንኳኳ።

ቀስ ያለ፣ የጨዋ ሰው ማንኳኳት ነበር። ቧንቧውን ዘጋሁ። መልስ ባልሰጥ ይሻላል ብዬ ነበር፤ መብራቴ ግን ከውጭ ይታያል።

«ማነው?»

«እህት፣ ይቅርታ። እኔ የእማማ የእህት ልጅ ነኝ» አለ የወጣት ድምፅ። የአዲስ አበባ አማርኛ ነው፣ ለስላሳ። «ትንሽ አተኩሷቸዋል። ብቅ ብለሽ ብታያቸው?»

እማማ እህት ኖሯቸው አያውቅም።

«እሺ ወንድሜ» አልኩ በሩን ሳልጠጋ። «ባለቤቴ ሻወር ውስጥ ነው። ሲወጣ አብረን እንመጣለን።»

«ገብቷል እንዴ?»

«አዎ፣ ገብቷል።»

 የዝናቡን ድምፅ ብቻ እሰማለሁ። ከዚያ ያው ለስላሳ ድምፅ ወደ በሩ ቀርቦ፣ «በረንዳው ላይ ሰው ሲያልፍ አላየሁም እኮ» አለ።

 ቴሌቪዥኑን ከፍቼ ድምፁን ጨመርኩ፣ አንድ ሰውዬ ስለ አየር ሁኔታ ያወራል። «ዳንኤል፣ ፎጣው አልጋው ላይ ነው!» ብዬ ወደ ባዶው መኝታ ቤት ጮኽኩ። ዳንኤል የሚባል ሰው አላውቅም፤ ስሙ ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም። የእግሩ ኮቴ ራቀ። የእማማ በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ሄደ ብዬ ተነፈስኩ። ወዲያው የእማማ በር እንደገና ተከፈተ። ኮቴው መጣ። በዚህ ጊዜ አላንኳኳም። ቁልፍ ወደ መቆለፊያዬ ሲገባ ሰማሁ።

ቁልፍ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚያሰማውን ድምፅ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የራስ ሰው ሲሆን ደስ የሚል ድምፅ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ነፍሴ ከእግሬ ጥፍር ስትወጣ ተሰማኝ። በሩ ተከፍቶ ሰንሰለቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። በክፍተቱ አንድ ዓይን አየሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። መንገድ ላይ ባገኘው ደህና ልጅ ነው የምለው ዓይነት ፊት ነው።

«ሰንሰለቱን አንሺው» አለኝ። «ማውራት ብቻ ነው የምንፈልገው። አሮጊቷን ታስጎጂያታለሽ።»

በሩን በጀርባዬ ገፋሁ። እሱ በትከሻው ገፋ። የሰንሰለቱ ብሎን ከእንጨቱ ሲላቀቅ፣ የእንጨቱ ብናኝ አንገቴ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል።

ያኔ ጮኽኩ። ከዚያ ቀን በፊት በዚህ ሕንፃ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ በስልክ እንኳ የማወራው ቀስ ብዬ ነው። በእንግሊዝኛ እርዱኝ ማለት ነበረብኝ፣ ግን የወጣኝ እሱ አይደለም። «ኡኡ!» አልኩ። «ኡኡ! የሰው ያለህ! ጎረቤት! ጎረቤት ድረሱልኝ!» አልኩ፣ ልክ አገሬ እንዳለሁ፣ ልክ አጥር ዘሎ የሚመጣልኝ ሰው እንዳለ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

በረንዳው ላይ አንድ በር ተከፈተ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ።

«ሄይ! ማነህ አንተ? አንተ እዚህ አትኖርም!» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። ጥጉ ላይ የሚኖሩት ጋናዊው አዛውንት፣ ሚስተር ኮፊ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ከአንገት ሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። አንዲት ሴትም «ፖሊስ ጠርቻለሁ!» ስትል ሰማሁ።

በሩ ላይ የነበረው ክብደት ድንገት ቀለለ። የሩጫ ኮቴ፣ ቀጥሎ ከእማማ ቤት የወጣ የሌላ ሰው ሩጫ፣ ከዚያ ደረጃው አስተጋባ። ከታች የፖሊስ መኪና ሰማያዊ መብራት ዝናቡን ሲያበራው በመስኮቱ አየሁ።

ሰንሰለቱን ፈታሁ። ወጣሁ። ሚስተር ኮፊ በነጠላ ጫማ፣ የወጥ ማማሰያ እንደያዙ ቆመዋል። የእማማ በር ክፍቱን ነው። ውስጡ ጨለማ ነው።

«እማማ!»

መልስ የለም።

ከዚያ ቀን ሁሉ የከፋው ፍርሃት ይኼኛው ነበር። ለራሴ ስፈራ ቢያንስ የምገፋው በር ነበረኝ። እዚህ ግን ገብቼ የማየውን ነገር ፈራሁ። ሚስተር ኮፊ ቀድመውኝ ገቡና መብራቱን አበሩ። ሳሎኑ ውስጥ የማላውቃቸው ቦርሳዎችና የሲጋራ ቁራጭ የሞላበት የእማማ የሻይ ስኒ አለ። የመታጠቢያ ቤቱ እጀታ በእማማ ሻርፕ ከጎኑ ካለው በር ጋር ታስሯል። ሚስተር ኮፊ ቋጠሮውን ሲፈቱ ከውስጥ ምንም ድምፅ አይሰማም። እኔ ግድግዳውን ይዤ «አምላኬ፣ አምላኬ» እላለሁ።

በሩ ተከፈተ። እማማ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። የሎሚው ፌስታል ጭናቸው ላይ ነው። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ በቁጣ። «ሂጂ አላልኩሽም? ለምን መጣሽ?»

እግራቸው ሥር ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እማማ ነገሩን የነገሩን ፖሊሶቹ ከሄዱ በኋላ፣ እኔ ቤት ሶፋ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነው። ልጁ የመጣው በዋዜማው ማታ ነው። «ከአዲስ አበባ ዕቃ ተልኮልዎታል» ብሎ አንኳኳ። ስማቸውን ጠርቶ። እንደ ፖሊሶቹ ግምት ሱቅ ውስጥ በስልክ ሲያወሩ ሰምቶ፣ ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው ነበር። ከእኛ መሀል «ዕቃ ይዤልሽ መጣሁ» ለሚል በአማርኛ የሚናገር ልጅ በር የማይከፍት ማን አለ? ከኋላው ግን አማርኛ የማይችል ሌላ ሰው ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንቶችን ቤት ገብተው ዕፅ የሚያከማቹበትና የሚሸጡበት እንዲህ ያሉ ሰዎች እንዳሉ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

«ማን ይመጣል ቤትሽ ብለው ጠየቁኝ» አሉ እማማ። «ማንም አልኩ። የመጣውን ሰው እንጎዳዋለን ብለውኝ ነበር። አንቺ ስታንኳኪ ምን ላድርግ? የማላውቅሽ ሰው አደረግኩሽ። ብቻሽን መሆንሽን እንዳያውቁ ባል ጨመርኩልሽ። ባል ብቻ አይበቃም ብዬ ፖሊስ አደረግኩት።»

«እኔ እኮ እርዱኝ ያሉኝ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው።

እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ። «እኔማ ከዚያ በር እንድትርቂ ነበር የምጸልየው» አሉኝ።

  እጄን በኃይል የገፉት ለዚህ ነበር። በር ጥግ የቆመ ሰው ትንፋሽ አንገታቸው ላይ እየተሰማቸው ያሰቡት ስለ እኔ ነበር።

አንደኛው ሰው ግቢው ውስጥ ተያዘ። አማርኛ ተናጋሪው ግን አመለጠና እስኪያዝ ሳምንታት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት እማማ እኔ ጋ ነበሩ። ሁለት ሴቶች አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ሊፍቱ በተከፈተ ቁጥር እጅ ለእጅ እንያያዛለን። መቆለፊያዬን አስቀየርኩ። ሚስተር ኮፊ ሰንሰለቱን በረጅም ብሎን መልሰው አሰሩልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሲወጡም ሲገቡም በሬን ሁለቴ መታ አድርገው ነው የሚያልፉት።

አንባቢዎቼ፣ ስለዚያ ቀን ብዙ ሰዎች «ጎበዝ ነሽ» ብለውኛል። ጎበዝ አልነበርኩም፤ እስከ አጥንቴ ድረስ ነበር የፈራሁት። እኔ ያለኝ ነገር ወሬ ብቻ ነበር። ሊፍቱ፣ ጉልበታቸው፣ የአለቃዬ ነገር፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብዬ የማስበው የበረንዳ ወሬ። የእማማን ድምፅ ደህና ሲሆን እንዴት እንደሆነ በየቀኑ ሰምቼ ባላውቅ፣ ያን ቀን ታመው ነው ብዬ ሎሚዬን ሰጥቼ እገባ ነበር። እናንተስ የጎረቤታችሁን ድምፅ ታውቁታላችሁ? ቢለወጥ ታውቃላችሁ?

እማማን ካውንስሉ ኬንቲሽ ታውን የሚባል ሰፈር ጠባቂ ያለው የአዛውንቶች ሕንፃ ውስጥ አስገባቸው። በየሳምንቱ መጨረሻ በባቡር እሄዳለሁ፤ በየቀኑ እንደዋወላለን። ቤታቸው ለወራት ባዶውን ቆየ። በቅርቡ ሰው ገባበት። በግድግዳው በኩል የሕፃን ለቅሶና በማላውቀው ቋንቋ የምታባብል ሴት ድምፅ እሰማለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት በበሩ ሳልፍ እግሬ ይፈጥን ነበር። ያ በር አሁንም ያስፈራኛል፣ አልዋሻችሁም።

ትናንት ሕፃኑ ሳያቋርጥ ሲያለቅስ ዋለ። ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ቆምኩ።  አንኳኳሁ።

«ማነው?» አለች ልጅቷ ከውስጥ በእንግሊዝኛ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። እሷም ፈርታለች።

«ጎረቤትሽ ነኝ» አልኳት። «ትዕግሥት እባላለሁ። ሕፃኑን ልያዝልሽና ትንሽ እረፊ።»